የተተከለ ፀጉር መጀመሪያ ይረግፋል፦ «በሦስት ወር ሙሉ ፀጉር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በሦስት ወር ሙሉ ፀጉር» የሚል ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። የፀጉር ንቅለ ተከላ ለማሠራት ለሚያስቡና ላሠሩ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ሳያስቡት ያስጨርሳል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ደስ ብሎ የሚነበብ የተሳሳተ ምክር ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ይኸው። የተተከለ ፀጉር በሦስት ወር ሞልቶ ይታያል ይላል። ከዚያ በፊት ከረገፈ ተከላው ከሽፏልና ገንዘባችሁን አስመልሱ ይላል። እድገቱ እንዲፈጥን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቅቤና እሬት ቀቡ ይላል። ካስተከላችሁ በኋላ መድኃኒት የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም ይላል። ከኋላ የሚነቀለው ፀጉር ተመልሶ ስለሚበቅል በአንድ ጊዜ የቻላችሁትን ያህል አስተክሉ ይላል። በመጨረሻም ከርዳዳ ፀጉር ያለው ሰው እጥፍ ግራፍት (ከነሥሩ ተነቅሎ የሚተከል፣ ጥቂት ፀጉር የያዘ ቁራጭ) ካላስተከለ ውጤት አያይም ብሎ ይዘጋል።

እኔ እዚሁ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ፀጉር የሚተክል ሐኪም አይደለሁም። ግን ሰዎች አዲስ አበባ ወይም ኢስታንቡል አሠርተው ሲመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዓመት የሚያሳልፉት እዚህ ነው። ሻምፖውን፣ ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር መድኃኒት የሚገዙት ከእኛ ነው። ሲደነግጡም መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እኛ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ወዲህ ደግሞ የሚደነግጠው ሰው በዝቷል። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከሦስት ወሩ ልጀምር። ሦስተኛው ወር ለአብዛኛው ሰው ከዓመቱ ሁሉ ባዶው ወር ነው። ሰው መስተዋት አይቶ «ገንዘቤን ውኃ በላው» የሚልበት ወር ነው። ጸሐፊው የድሉ ቀን ያደረጉት ይህንን ወር መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ።

ነገሩን በራሳችን ወራት እንቁጠረው። አንድ ሰው መስቀልን ውሎ በመስከረም መጨረሻ አሠራ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግንባሩ ያብጣል። አንዳንዴ እብጠቱ ወርዶ ዓይኑ አካባቢ ይደርሳል። ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የተተከለበት ቦታ ጥቃቅን ቅርፊት ይይዛል፤ እሱም በሁለት ሳምንት ገደማ ይራገፋል። ያኔ አጫጭር ፀጉር ቆሞ ይታያል። ሰውየው ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ተነሥቶ ለጓደኞቹ ይልካል።

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። ኅዳር ሲያልቅ አብዛኛው ሄዷል። ገና ሲደርስ ራሱ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ይመስላል። አንዳንዱ ላይ እንዲያውም የባሰ ሳስቶ ይታያል። የጽሑፉ «ሦስት ወር» የሚሞላው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ከጥምቀት ወዲህ ቀጫጭን ፀጉር እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ይጀምራል። አንዳንዱ ሰው ላይ የካቲት ድረስ ይዘገያል። መጀመሪያ የሚወጣው ፀጉር ስስ ነው፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ይልቅ የተጣመመ ነው፤ ይህ እያደር ይስተካከላል። በዐቢይ ጾም ወቅት ሰው ልብ ማለት ይጀምራል። ፋሲካ ላይ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ክረምቱን ሙሉ ይወፍራል፣ ይረዝማል። እውነተኛውን ውጤት የሚያየው በቀጣዩ መስቀል ነው። የተተከለው መሃል አናት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ እስከ 18 ወር ሊወስድ ይችላል።

ይህን ለማመን ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሂሳቡ ብቻ ይበቃል። የሰው የራስ ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተተከለው ፀጉር መብቀል የሚጀምረው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ከሆነ፣ በስድስተኛው ወር ርዝመቱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከርዳዳ ፀጉር ሲጠቀለል ደግሞ ከዚያም አጥሮ ይታያል። ታዲያ በሦስት ወር ሙሉ ፀጉር ከየት ይመጣል? ምንም ዓይነት ክሊኒክ፣ ምንም ዓይነት ማሽን ይህን አያፋጥነውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፦ «ከረገፈ ከሽፏል»። ይህ አባባል ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። አንድ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ወጣት ትራሱ ላይ ያገኘውን ፀጉር በሶፍት ጠቅልሎ አሳየኝ። ሁለተኛ ወሩ ላይ ነበር። በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር አለ። «ይኸው፣ ከነሥሩ ነው የተነቀለው» አለኝ። ጽሑፉን አንብቧል። የዕቁቡን ገንዘብ ነው ያወጣው። እንደገና ለማሠራት ብድር እየጠየቀ ነበር።

ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ነገር ሥሩ አይደለም። የዕረፍት ጊዜው ደርሶ የወደቀ ማንኛውም ፀጉር ጫፉ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ እብጠት አለው። ማበጠሪያችሁ ላይ የሚቀረውን ፀጉር ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት፤ ያው ነው። ፀጉርን የሚያበቅለው ሥር ቆዳው ውስጥ ቀርቷል። ሣራችን በበጋ ደርቆ መሬቱ ባዶ ሲመስል ሥሩ አፈሩ ውስጥ እንደሚቆየው ማለት ነው።

ለምን ይረግፋል? ፀጉር ዕድሜውን ሁሉ ያለማቋረጥ አያድግም። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያድጋል፣ ከዚያ ለሦስት ወር ገደማ ያርፋል፣ ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ለዚህ ነው ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር የሚረግፍበት። ንቅለ ተከላ ሲሠራ ሥሩ ከኋላ ተነቅሎ፣ ለተወሰነ ሰዓት ያለ ደም ቆይቶ፣ አዲስ ቦታ ይገባል። ይህ ለሥሩ ትልቅ ድንጋጤ ነው። ስለዚህ የያዘውን ፀጉር ጥሎ ወደ ዕረፍት ይገባል። ከተከላ በኋላ ያለው የሦስት ወር ባዶነት ይኸው የተለመደው የዕረፍት ጊዜ ነው።

አንዳንድ ጊዜ በአካባቢው የነበረው ያልተተከለ ፀጉርም አብሮ ይሳሳል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ጥቃቅን ብጉር የሚመስል ነገር ሊወጣ ይችላል፤ አዲሱ ፀጉር ቆዳውን ሲበሳ የሚመጣ ነው። በጥፍር አትነካኩት። የራስ ቆዳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መደንዘዙም ያለ ነገር ነው።

እውነተኛ መነቀል አለ ወይ? አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታው ተገጭቶ ወይም ተፍቆ፣ ደም እየፈሰሰ ሥጋ መሰል ነገር የያዘ ፀጉር ከወጣ፣ ያ ግራፍት ጠፍቷል። የተተከለው ሥር ቆዳው ላይ ጠበቅ ብሎ የሚይዘው በ10 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በመታጠብ ወይም በትራስ የሚወድቀው ፀጉር ብቻ ነው።

አሁን ስለ ቅቤው። ይህን በጥንቃቄ ነው የምናገረው። እናቶቻችን ቅቤ አናታችን ላይ አድርገው ነው ያሳደጉን። ደረቅና ብርዳም በሆነው አገራችን ቅቤ የደረቀ ፀጉርን እንደሚያለሰልስ ማንም ያውቃል። ይህን ለመንቀፍ አይደለም የመጣሁት። ግን ሦስተኛ ቀኑ ላይ ያለ ራስ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍት ቁስሎች ያሉበት ራስ ነው። ለጋ ቅቤ ከጀርም የጸዳ አይደለም። አቧራ ይይዛል። ሲቀባ መታሸት አለበት፤ ሲለቅ ደግሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና መፈተግ አለበት። ግራፍቱ ገና ባልጠበቀበት ሳምንት መታሸትና መፈተግ ማለት የከፈላችሁበትን በእጃችሁ መንቀል ነው።

እሬትም ያው ነው። ከጓሮ የተቆረጠ እሬት ከሚያቀዘቅዘው ዝልግልግ ነገር ጋር ቢጫ መራራ ፈሳሽ አለው። እሱ ቁስልን ያቃጥላል። የሽንኩርት ጭማቂና የጥቁር አዝሙድ ዘይትም በመጀመሪያው ወር ቦታ የላቸውም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ቅቤ መቀባት የሚወድ ሰው ይቀባ፣ አይጎዳውም። የሚያፋጥነው ነገር ግን የለም።

በእነዚህ ሳምንታት የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። ሐኪሙ ባዘዘው ቀን፣ ባዘዘው ሻምፖ፣ በኩባያ ውኃ ቀስ አድርጎ እያፈሰሱ መታጠብ። ቅርፊቱን አለመላጥ። ማታ ራስን ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት። አለማጨስ፤ ሲጋራ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል።

ጽሑፉ ያልነካቸው፣ ለእኛ አካባቢ ሰው ግን የግድ የሆኑ ነገሮችም አሉ። ከኢስታንቡል የሚመጡ የምክር ወረቀቶች ላይም አታገኟቸውም።

አንዱ ጠበል ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የምትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ ጠበሉ ከላይ በኃይል አናት ላይ ይወርዳል። ከእምነት ጋር ጠብ የለኝም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ያ ኃይል አዲስ ግራፍት ላይ ማረፍ የለበትም። ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ገደማ፣ መጠጣትና ከአንገት በታች መጠመቅ ይቻላል። የንስሐ አባታችሁን ብታማክሩ ይህን ይረዱላችኋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ጋቢ የሚያስለብሰው ብርድ ባለበት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ያለው ፀሐይ አዲሱን ቆዳ ሊያቃጥልና ሊያጠቁር ይችላል። ሐኪሙ ኮፍያ ከፈቀደ በኋላ ሰፋ ያለ፣ የማይነካካ ባርኔጣ አድርጉ። ጋቢውን ግን ራስ ላይ ጎትቶ መከናነብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይቅር፤ ይፍቃል።

ሦስተኛው ባጃጅና ሚኒባስ ነው። ስትገቡና ስትወርዱ ጎንበስ በሉ። ራስ ደንዝዟል፣ መገጨቱን እንኳ በደንብ አትሰሙትም። የቆላ ሰዎች፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ፣ ላቡንም አስቡት፤ ከባድ ሥራ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢቆይ ይመረጣል።

«መድኃኒት አያስፈልግም» የሚለው ነጥብ በሙያዬ ስለመጣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የተተከለው ፀጉር በአብዛኛው ይቆያል። ይህን እንደ ሕክምና መርሕ ያሳየው ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም ነው፤ ግኝቱን ያሳተመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ በፊትም ጃፓናዊው ሾጂ ኦኩዳ በ1939 እ.ኤ.አ. ስለ ፀጉር ተከላ ጽፏል። ኦሬንትራይክ ያሳየው ነገር ይህ ነው፦ ከማጅራትና ከጎን የተወሰደ ፀጉር ወደ ግንባር ሲዛወር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይሄዳል። በዘር የሚመጣው መመለጥ የሚከሰተው ዲኤችቲ የሚባለው ሆርሞን የግንባርና የአናት ፀጉርን ሥር ስለሚያሳሳ ነው። የኋላው ፀጉር ይህን ሆርሞን ይቋቋማል፤ ተዛውሮም ይቋቋማል።

ግን በተተከለው መካከል የነበረው የራሳችሁ ፀጉርስ? እሱ አልተለወጠም። መሳሳቱን ይቀጥላል። በ24 ዓመቱ የግንባሩን መስመር ያስተከለና ምንም ያልተከታተለ ልጅ፣ በ34 ዓመቱ ፊት ለፊት የተተከለ ፀጉር፣ ከኋላው ደግሞ ባዶ አናት ሊኖረው ይችላል። ብዙ ጥንቁቅ ሐኪሞች ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለን ሰው «ትንሽ ቆይ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሚኖክሲዲልና ፊናስተራይድ የሚታዘዙት ያንን ቀሪ ፀጉር ለማቆየት ነው። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። ለፀጉር በአሜሪካ የተፈቀደው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ፊናስተራይድ በ1 ሚሊግራም መጠን ለወንዶች ፀጉር የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ለውጥ ለማሳየት ወራት ይፈጃሉ፤ ሲቋረጡ ያቆዩት ፀጉር ቀስ በቀስ ይሄዳል። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ሊያረግፍ ይችላል፤ ያ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

እባካችሁ ግን ያለ ሐኪም አትጀምሩ። ፊናስተራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መውረድ ያመጣል። ለፕሮስቴት (የወንዶች እጢ) ሕመም የሚሰጠውን ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ገዝተው ቤት ውስጥ በቢላ የሚከፋፍሉ ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ሚስት ባለችበት ቤት ይህ አደገኛ ነው፤ የተሰበረውን ክኒን መንካት እንኳ የለባትም፤ ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

«ከኋላ የተነቀለው ይበቅላል» የሚለው ደግሞ ፍጹም ስሕተት ነው። ሥሩ ተወስዷል፣ ተመልሶ አይበቅልም። ጎልቶ የማይታየው በዙሪያው ያለው ፀጉር ስለሚሸፍነው ነው። የኋላው ፀጉር ለዕድሜ ልክ የተሰጠ ውስን ሀብት ነው። በአንድ ቀን ከሚገባው በላይ ከተነቀለ ማጅራቱ እዚህና እዚያ ሳስቶ ይቀራል፣ ለነገም አይተርፍም። ብዙ ቁጥር የሚያቀርብላችሁን ሰው ሳይሆን፣ ቁጥሩን ለምን እንደወሰነ የሚያስረዳችሁን ሐኪም ምረጡ። አንድ ግራፍት ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ይይዛል። የተተከለ ቦታ እንደ ልጅነት ጥቅጥቅ አይልም። ጥሩ ሥራ ማለት በተፈጥሮ ከነበረው ግማሽ ያህሉ ጥግግት ሆኖ፣ ዓይን ግን ሙሉ ነው ብሎ የሚያየው ነው።

ስለ ከርዳዳ ፀጉርም ጸሐፊው የጻፉት የተገላቢጦሽ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር የበለጠ ቆዳ ይሸፍናል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቦታ ለመሙላት የሚያስፈልገው ግራፍት አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ በታችም ጠምዘዝ ብሎ ነው የሚያድገው። ሐኪሙ ቀጥ ባለ መሣሪያ ሲያወጣው ሥሩን ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ «ስንት ግራፍት ትሰጡኛላችሁ?» ሳይሆን «እንደ እኔ ዓይነት ፀጉር ስትሠሩ የዓመት ውጤቱን አሳዩኝ» የሚል ይሁን። ሌላም አለ። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው አብጦ የሚቀርበት ሰው፣ ወይም ተላጭቶ ማጅራቱ ላይ ጠንካራ እብጠት የሚያወጣ ሰው፣ ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር አይሠራ።

ጸሐፊው የዘለሉት ትልቅ ነገር፣ ተከላ ለሁሉም ዓይነት የፀጉር መርገፍ መፍትሔ አለመሆኑ ነው። በክብ በክብ የሚመለጠው፣ በተለምዶ ላሽ የምንለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ሰውነት ፀጉር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ የተተከለውንም ሊያጠቃው ይችላል። ለዓመታት ጠበቅ ባለ ሹሩባ ምክንያት ግንባራቸው የሸሸ እህቶች ሹሩባውን ሳይተዉ ቢያስተክሉ አዲሱም ይሄዳል። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ምክንያቱን ይወቅ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ከጸሐፊው ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ። «ፀጉሬ ረገፈ ብሎ መጨነቅ ቅንጦት አይደለም» ብለዋል። ልክ ናቸው። በ22 ዓመቱ ኮፍያ ሳያደርግ ከቤት መውጣት ያፈረ ልጅ ሥቃይ እውነተኛ ነው። ስለዚህም ነው ውሸት የሆነ ተስፋ ሊሰጠው የማይገባው።

ታዲያ መጨነቅ ያለባችሁ መቼ ነው? መግል ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ወይም የተተከለበት ቆዳ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ኢስታንቡል ላለው ክሊኒክ መልእክት ልካችሁ መልስ አትጠብቁ። መርገፉን በተመለከተ ግን እስከ ስድስተኛው ወር ታገሡ። ከተሠራችሁበት ቀን ጀምሮ በየወሩ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሡና ቀኑን ጻፉበት። በዘጠነኛው ወር ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ ከበቀለ፣ ያንን ፎቶ ይዛችሁ ወደ ሠራላችሁ ሐኪም ተመለሱ። ሁለተኛ ተከላ ይሁን አይሁን የሚወሰነው ዓመቱ ከሞላ በኋላ ነው፣ አናት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ።